የቦይለር አመድን ወደ ዜኦላይት መቀየር፦ ድሬዳዋ ላይ ለምትሠሩ የተዘጋጀ የአሠራር መመሪያ

"የፋብሪካ አመድ ቆሻሻ ውሃ ያጣራል ይባላል፤ እንዴት ነው የሚሠራው?" ይህ ጥያቄ የመመረቂያ ሥራ ርዕስ በሚመረጥበት ሰሞን ይጎርፍልኛል። ተማሪዎች ብቻ አይደሉም፤ ከፋብሪካ የአካባቢ ጥበቃ ክፍል የሚደውሉም አሉ። ለእያንዳንዱ ሰው ከመድገም ሙሉውን አንድ ቦታ ላስቀምጠው።

በአጭሩ ነገሩ እንዲህ ነው። የድንጋይ ከሰል በቦይለር ሲነድ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ደቃቅ አመድ በአብዛኛው ሲሊካና አሉሚና (የሲሊኮንና የአሉሚኒየም ኦክሳይዶች) ነው። በከፍተኛ ሙቀት ቀልጦ በፍጥነት ስለቀዘቀዘ አብዛኛው ክፍሉ ብርጭቆ ሆኗል። ትኩስ የኮስቲክ ሶዳ ውሃ ያንን ብርጭቆ ያሟሟዋል፤ የሟሟው ደግሞ እዚያው ውሃ ውስጥ እንደገና ይያያዝና ዜኦላይት የሚባል፣ በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች ያሉት ማዕድን ይሆናል። ቀዳዳዎቹ ውስጥ ሶዲየም አለ። እርሳስ፣ መዳብ፣ አሞኒየም ወይም ካልሲየም ያለበት ውሃ ሲያገኘው ሶዲየሙ ይወጣል፣ እነሱ ይገባሉ። ማብሰሉ ቀላሉ ክፍል ነው። አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው ከማብሰሉ በፊት አመዱ ሳይለይ፣ ከማብሰሉ በኋላ ደግሞ ምርቱ በትክክል ሳይፈተሽ ነው።

በመጀመሪያ፦ ከውሃችሁ ማውጣት የምትፈልጉት ምንድን ነው?

ዜኦላይት አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙሌት (ቻርጅ) አለው፤ ስለዚህ የሚይዘው አዎንታዊ ሙሌት ያላቸውን ነው። እርሳስ፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ ካድሚየም፣ አሞኒየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም ይሆናሉ። ናይትሬት፣ ፍሎራይድ፣ ክሮሜት እና አርሴኔት አይሆኑም፤ ሁሉም አሉታዊ ናቸው።

ይህን አጥብቄ የምናገረው የድሬዳዋ ጉድጓድ ውሃ ሁለቱ የታወቁ ችግሮች ጠጣርነትና ናይትሬት ስለሆኑ ነው። ጠጣርነቱን፣ ማለትም ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን፣ ዜኦላይት ይቀንሰዋል። ናይትሬቱን ግን አይነካውም። "የድሬዳዋን ናይትሬት በአመድ ዜኦላይት ማስወገድ" የሚል ርዕስ ይዛችሁ ከሆነ አሁኑኑ አማካሪያችሁን አነጋግሩ፤ የዜኦላይቱን ውጫዊ ገጽ በልዩ ሳሙና መሰል ኬሚካል መለወጥ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ ሌላ ሥራ ነው።

የጨርቃ ጨርቅ ቀለምም እንዲሁ ነው። ለጥጥ በብዛት የሚውሉት ሪአክቲቭ ቀለሞች አሉታዊ ስለሆኑ ተራው ዜኦላይት ይገፋቸዋል። በላቦራቶሪ የምንሞክርበት ሜቲሊን ብሉ የሚባለው ቀለም አዎንታዊ ስለሆነ ጥሩ ውጤት ያሳያል፤ በዚያ ተደስታችሁ ወደ ፋብሪካው ፍሳሽ ስትሄዱ ምንም ላይሆን ይችላል።

አንድ ነገር ደግሞ ያለ ድርድር፦ በዚህ መንገድ የተሠራ ዜኦላይት ለመጠጥ ውሃ አይውልም። አመድ ውስጥ አርሴኒክ፣ ሴሊኒየምና ክሮሚየም በትንሹም ቢሆን ይኖራል። የታሰበው ለፋብሪካ ፍሳሽና ለሙከራ ነው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

ከታች ያለው 50 ግራም አመድ ለማብሰል የሚበቃ ነው። ሲለመድ መጠኑን ማሳደግ ይቻላል። ዲግሪ ያልኩት ሁሉ፣ ከኤክስ ሬይ ምርመራው በቀር፣ ሴልሺየስ ነው።

- ደቃቅ የቦይለር አመድ፣ ቢያንስ 1 ኪሎ (ለመለያ ፈተናዎቹና ለድጋሚ ሙከራ ጭምር)
- ኮስቲክ ሶዳ (ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ)፣ ፍሌክ ወይም እንክብል፣ 100 ግራም ያህል
- የተጣራ ውሃ፣ 5 ሊትር ያህል
- 75 ማይክሮን ወይም 150 ማይክሮን ወንፊት
- ጠንካራ ማግኔት፤ ከአሮጌ ስፒከር የወጣ ይበቃል፣ ታይዋን ገበያ ይገኛል
- ክዳኑ የሚገጥም 1 ሊትር የፖሊፕሮፒሊን ጠርሙስ፤ ከታቹ ባለው ሦስት ማዕዘን ውስጥ 5 ቁጥር ያለበት
- ኦቨን፣ ሆት ፕሌት ከማግኔቲክ ስተረር ጋር፣ ሚዛን፣ ማጣሪያ ወረቀትና ፈነል (የቫኪዩም ፓምፕ ካለ ብዙ ሰዓት ይቆጥባል)
- እስከ 800 ዲግሪ የሚደርስ የላቦራቶሪ ምድጃ፣ ለመለያ ፈተናው
- የፒኤች ሜትር ወይም ወረቀት
- ሃይድሮክሎሪክ አሲድ፣ ለፈተናው ጥቂት (ደረጃ 3 ካስፈለገ የበለጠ)
- የጎማ ጓንት እስከ ክርን፣ ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር፣ የአቧራ ማስክ፣ የጥጥ ጋውን

የተጣራ ውሃ ከላቦራቶሪ ካላገኛችሁ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ የሚሸጠው የባትሪ ውሃ ይሠራል። ነገር ግን ጎን ለጎን የባትሪ አሲድም በተመሳሳይ ጀሪካን ይሸጣልና ስትገዙ አረጋግጡ፣ ቤት ስትደርሱም በፒኤች ወረቀት ፈትሹ። የቧንቧ ውሃ አትጠቀሙ። የእኛ ውሃ ካልሲየሙ ብዙ ነው፤ ኮስቲክ ሲገባበት ነጭ ዝቃጭ ያወጣል፣ በማጠቢያ ላይ ደግሞ ዜኦላይቱ ገና ሥራ ሳይጀምር ቀዳዳዎቹን በካልሲየም ይሞላቸዋል።

ማስጠንቀቂያ፣ ሳትጀምሩ የሚነበብ

ኮስቲክ ሶዳ ሥጋ ይበላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባ ማየትን ሊያሳጣ ይችላል። ቆዳ ላይ ከፈሰሰ ልብሱን አውልቃችሁ በብዙ ወራጅ ውሃ ቢያንስ 15 ደቂቃ እጠቡ። ዓይን ከሆነ የዓይን ቆቡን ከፍታችሁ እያጠባችሁ ወደ ሐኪም ቤት። ሎሚ ወይም አቼቶ "ያረክሰዋል" ብላችሁ አትቀቡ፤ ቃጠሎ ላይ ሌላ ቃጠሎ ነው።

የአሉሚኒየም ድስት፣ ማንኪያ ወይም ፎይል ኮስቲክ አጠገብ አይድረስ። ኮስቲክ አሉሚኒየምን እየበላ ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ሃይድሮጂን ደግሞ በትንሽ ብልጭታ ይፈነዳል።

የሃይላንድ ጠርሙስም አይሆንም። ፕላስቲኩ በሙቀት ይለሰልሳል፣ ኮስቲኩም ራሱን ፕላስቲኩን ይፈታዋል፤ ኦቨን ውስጥ ጎብጦ ሲፈስ ከኦቨኑም ትጣላላችሁ። ብርጭቆ ቤከር ለአጭር ማማሰያ ይሆናል እንጂ ለሌሊቱን ሙሉ ማብሰያ አይሆንም፤ ትኩስ ኮስቲክ ብርጭቆን ያሟሟል፣ የሟሟው ሲሊካም ከምርታችሁ ይቀላቀላል።

ደረቅ አመድ ስትነፉ ማስክ አድርጉ። ሳምባ የገባ ሲሊካ አይወጣም።

ደረጃ 1፦ አመዱን ለዩ

እዚህ ጊዜ አጥፉ። "አመድ አገኘን" ብለው የሚመጡ ሰዎች ከሚያሳዩኝ ውስጥ ብዙው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

የሚፈለገው የድንጋይ ከሰል ከሚያነድ ቦይለር የጭስ ማጣሪያ፣ ማለትም ከሳይክሎኑ ወይም ከከረጢት ማጣሪያው፣ የሚወጣው ደቃቅ አመድ ነው። ከምድጃው ሥር የሚጠረገው ሸካራና ጓል አመድ ብርጭቆው ያነሰና ለኮስቲክ የማይበገር ነው፤ ተፈጭቶም ቢሆን ደካማ ነው።

የሲሚንቶ ፋብሪካ አቧራ አመድ አይደለም። የሲሚንቶ ምድጃ የሚያነደው የድንጋይ ከሰል አመድ ክሊንከሩ (ተፈጭቶ ሲሚንቶ የሚሆነው ጓል) ውስጥ ይቀራል፤ ከማጣሪያው የሚወጣው በአብዛኛው የኖራ ድንጋይ ዱቄትና ጨዋማ ነገር ነው። የዳቦ ቤት የእንጨት አመድ፣ የማገዶ ከሰል አመድ፣ ገረባ ተቃጥሎ የሚቀረውም አመድ እንዲሁ፦ ካልሲየምና ፖታሲየም ናቸው፣ ዜኦላይት የሚሆን አሉሚና የላቸውም። የስኳር ፋብሪካ የሸንኮራ ገለባ አመድ ሲሊካው ጥሩ ነው፣ አሉሚናው ግን ትንሽ ስለሆነ ከሌላ ቦታ መጨመር ይጠይቃል፤ ለጀማሪ አልመክረውም።

አመዱን ስትወስዱ ከአንድ ቦታ አትዝገኑ። በተለያየ ፈረቃ ከወጣው ትንሽ ትንሽ ወስዳችሁ ቀላቅሉ። ዝናብ ሲመታው የከረመ ክምር ላይ ያለው የላዩ ክፍል ስለተለወጠ ቆፍራችሁ ከውስጥ ውሰዱ፣ የተሻለው ግን በቀጥታ ከማጣሪያው ነው።

ቀጥሎ ሦስት ፈተና።

ሀ. የውሃ ፈተና። 10 ግራም አመድ በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ አማስሉና ፒኤቹን ለኩ። ከ12 በላይ ከሆነና ውሃው ሞቅ ካለ ነፃ ኖራ አለበት።

ለ. የአሲድ ፈተና። ትንሽ አመድ ላይ ጥቂት ጠብታ የተበረዘ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጣሉ። አረፋ ኩፍ ካለ ካርቦኔት አለው። በ"ሀ"ም በ"ለ"ም ከወደቀ ካልሲየሙ ብዙ ነውና ደረጃ 3ን አትዝለሉ፤ ካልሲየም ሲሊካውን ቀድሞ ይይዝና ለዜኦላይቱ ሳይተርፍ ይቀራል።

ሐ. የቃጠሎ ፈተና። በ105 ዲግሪ የደረቀ አመድ 5 ግራም በክሩሲብል አድርጋችሁ በ750 ዲግሪ 2 ሰዓት አቃጥሉ፣ አቀዝቅዛችሁ መዝኑ። ከ5 ግራም ወደ 4.4 ግራም ከወረደ 12 በመቶ ጠፍቷል ማለት ነው፤ ይህ በአብዛኛው ያልነደደ ከሰል ነው። ለኮንክሪት የሚውል አመድ ላይ የአሜሪካው መስፈርት ኤኤስቲኤም ሲ618 የሚፈቅደው እስከ 6 በመቶ ነው፤ ለእኛም ጥሩ መለኪያ ነው። ትንንሽ ቦይለሮች ከሰሉን በደንብ ስለማያነዱት ከዚህ መብለጡ የተለመደ ነው፣ አትደንግጡ።

በዚያው መስፈርት የቀድሞ እትሞች ሲሊካ፣ አሉሚናና የብረት ኦክሳይድ ተደምረው 70 በመቶና ከዚያ በላይ የሆኑበት፣ ካልሲየሙ ዝቅ ያለው አመድ ኤፍ ክፍል ይባል ነበር። የምትፈልጉት እሱን ነው። ሙሉ የኬሚካል ይዘቱን ለማወቅ ናሙና አዲስ አበባ ወደ ጂኦሎጂ ኢንስቲትዩት ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። ለመመረቂያ ሥራ ከሆነ ይህ ወጪ አይታለፍም፤ ያለ ሲሊካና አሉሚና ቁጥር ውጤታችሁን ማንም ሊተረጉመው አይችልም።

ደረጃ 2፦ አመዱን አዘጋጁ

በ105 ዲግሪ ሌሊቱን አድርቁ፣ በወንፊት ንፉ። ደቃቅነቱ ኮስቲኩ የሚያገኘውን ገጽ ያሰፋዋል። ማግኔቱን በስስ ፌስታል ጠቅልላችሁ በተዘረጋው አመድ ላይ ደጋግማችሁ አሳልፉ፤ የሚለጠፈው ጥቁር ዱቄት የብረት ኦክሳይድ ነው፣ ወደ ዜኦላይት አይለወጥም፣ ክብደት ብቻ ይይዛል። ፌስታሉን ስትገለብጡት በቀላሉ ይራገፋል፤ ያለ ፌስታል ከሆነ ማግኔቱን ስታጸዱ ትውላላችሁ።

የቃጠሎ ፈተናው ከ6 በመቶ በላይ ካሳየ አመዱን በሙሉ በ750 ዲግሪ 2 ሰዓት አቃጥሉ። ያልነደደ ከሰል ራሱ ቀለም ይጠጣል። ከሰሉን ሳታስወግዱ በሜቲሊን ብሉ ብትፈትኑ የከሰሉን ሥራ ለዜኦላይቱ ትሰጡታላችሁ።

ደረጃ 3፦ የአሲድ እጥበት (ካልሲየሙ ከበዛ ብቻ)

ለ1 ግራም አመድ 10 ሚሊ ሊትር፣ 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ። አሲዱን ወደ ውሃ ጨምሩ፣ ውሃውን ወደ አሲድ አይደለም። አመዱን ቀስ በቀስ ጨምሩ፣ አረፋው ይነሳልና። ለ1 ሰዓት አማስላችሁ አጥሩ፣ ፒኤቹ ወደ 6 እስኪጠጋ እጠቡ፣ አድርቁ። አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ወይም በላቦራቶሪው የጭስ ማውጫ ሥር ይሁን።

ደረጃ 4፦ የኮስቲኩን ውሃ አዘጋጁ

48 ግራም ኮስቲክ ሶዳ መዝናችሁ በ300 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ቀስ እያላችሁ ጨምሩ፤ ሲቀዘቅዝ ጠቅላላው 400 ሚሊ ሊትር እስኪሆን ውሃ ሙሉበት። ይህ 3 ሞላር ነው። ሲሟሟ በጣም ስለሚሞቅ ዕቃውን ቀዝቃዛ ውሃ የያዘ ሳፋ ውስጥ አስቀምጡት። ፍሌኩ ላይ ውሃ ማፍሰስ ግን ፈጽሞ አይቻልም፤ ይፈላና ይረጫል።

ተከፍቶ የቆየ ከረጢት አትግዙ። ኮስቲክ ከአየሩ እርጥበትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይስባል፤ ተያይዞ የጠነከረና ላዩ ነጭ ዱቄት የለበሰ ከሆነ በከፊል ወደ ሶዲየም ካርቦኔት ተለውጧል። 48 ግራም መዝናችሁ ከፊሉ ኮስቲክ ላይሆን ይችላል።

ደረጃ 5፦ ማብሰል

50 ግራም አመድ ጠርሙሱ ውስጥ አድርጉ፣ 400 ሚሊ ሊትሩን ኮስቲክ ጨምሩ። ጠርሙሱን እስከ አፉ አትሙሉት፤ እንፋሎቱ ቦታ ይፈልጋል። መጀመሪያ በ60 ዲግሪ ያህል 2 ሰዓት አማስሉ፤ በዚህ ጊዜ የሚካሄደው የብርጭቆው መሟሟት ስለሆነ አመዱ ከሥር እንዳይተኛ ነው። ከዚያ ክዳኑን ገጥማችሁ በ90 ዲግሪ ኦቨን ውስጥ ለ24 ሰዓት ሳትነኩ ተዉት። ክሪስታል የሚያድገው አሁን ነው፣ ጸጥታ ይወዳል።

ብዙ ጽሑፎች "100 ዲግሪ" ይላሉ። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ንጹሕ ውሃ የሚፈላው 96 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ሐረር ላይ ደግሞ ወደ 94 ይወርዳል። የኮስቲክ ውሃ ትንሽ ከፍ ቢልም ክፍት ዕቃ ውስጥ 100 ላይ አብስላለሁ ማለት ውሃውን አትንኖ ኮስቲኩን ማወፈር ነው። የወፈረ ኮስቲክና የበዛ ሙቀት ደግሞ ሶዳላይት የሚባለውን፣ ቀዳዳው የጠበበ ዘመድ ያመጣል። ስለዚህ የተዘጋ ዕቃ፣ 90 ዲግሪ።

መብራት ቢጠፋ ኦቨኑን አትክፈቱ። ሙቀቱን ለረጅም ጊዜ ይይዛል። ሲመለስ ቀጥሉና ከ80 ዲግሪ በታች የወረደበትን ሰዓት ከቆጠራችሁ ቀንሱ። ሰዓቱን መዝግቡት፤ ውጤቱ ከሌላ ጊዜ ሲለይ ምክንያቱን ከዚያ ታገኙታላችሁ። ከዚህ በፊት የተሠራ ጥሩ ዜኦላይት ካላችሁ ግማሽ ግራም እንደ እርሾ ጨምሩ፣ ክሪስታሉ ቶሎ ይጀምራል።

ደረጃ 6፦ ማጣራትና ማጠብ

ጠርሙሱ እጅ እስኪያስችል ሲቀዘቅዝ ብቻ ክፈቱት። የመጀመሪያውን ፈሳሽ ለብቻው አስቀምጡ፤ ገና ብዙ ኮስቲክና ሲሊካ ስላለው ለሚቀጥለው ማብሰያ አዲስ ኮስቲክ እየተጨመረበት ይውላል።

ዝቃጩን በተጣራ ውሃ ደጋግማችሁ እጠቡ፣ የሚወርደው ውሃ ፒኤች ከ9 እስከ 10 ሲደርስ አቁሙ። "7 ካልሆነ አላቆምም" ብሎ ሦስት ቀን የሚያጥብ ሰው አለ፤ አቦ ተዉት። ዜኦላይት ራሱ ውሃን ትንሽ ኮስቲክ ያደርጋል። ከመጠን በላይ ማጠብ ሶዲየሙን በሃይድሮጂን ይተካዋል፣ አወቃቀሩንም ያደክማል።

ደረጃ 7፦ ማድረቅ

በ105 ዲግሪ ሌሊቱን። ከዚያ በሙቀጫ አላልታችሁ ንፉና በሚገጥም ዕቃ አስቀምጡ። ፀሐያችን ያደርቃል፣ አቧራችንም አብሮ ይገባል፤ ኦቨን ይሻላል።

ደረጃ 8፦ ዜኦላይት መሆኑን አረጋግጡ

በዓይን አይታወቅም። ዋናው ማረጋገጫ የኤክስ ሬይ ዲፍራክሽን ምርመራ ነው። በተለመደው የመዳብ ጨረር ሲነሳ ፒ1 የሚባለው ዜኦላይት (በዚህ አሠራር የሚጠበቀው እሱ ነው) በ12.5፣ 17.7፣ 21.7፣ 28.1 እና 33.4 ዲግሪ (ይህ ማዕዘን ነው) አካባቢ ጫፎች ያሳያል። 14.1 እና 24.5 ላይ ጎልቶ ከወጣ ሶዳላይት ነው፦ ወይ ኮስቲኩ ወፍሯል፣ ወይ ሙቀቱ በዝቷል። 26.6 ላይ ያለው ያልተበገረው ኳርትዝ ነው፤ ጥሬው አመድ ላይም አለ፣ አይገርምም። ጥሬውን አመድ አብራችሁ አስነሱ፤ ለውጡን የሚያሳየው ንጽጽሩ ነው።

ሁለተኛው መለኪያ የአዮን ልውውጥ አቅም ነው፤ ዜኦላይቱ በሶዲየሙ ምትክ ምን ያህል አዎንታዊ ሙሌት መያዝ እንደሚችል፣ ሚሊ ኢኩቫለንት በሚባል የሙሌት መቁጠሪያ። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲን በመሰለ ቦታ ያለ የአፈር ላቦራቶሪ ለአፈር በአሞኒየም አሲቴት የሚሠራው ፈተና ነው። ከአመድ የተሠራ ጥሩ ዜኦላይት ብዙ ጊዜ በግራም 2 ሚሊ ኢኩቫለንት አካባቢና ከዚያ በላይ ይይዛል፤ ጥሬው አመድ ከዚያ በጣም ዝቅ ያለ ነው።

ሦስተኛው የልቀት ፈተና፦ 10 ግራም ዜኦላይት በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ 24 ሰዓት አንቀጥቅጣችሁ ያጣራችሁትን ውሃ ለአርሴኒክ፣ ለክሮሚየም፣ ለሴሊኒየምና ለእርሳስ አስመርምሩ። ውሃ የሚያጸዳ ነገር ራሱ ውሃ እንዳይበክል ነው። ለማነጻጸሪያ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው መጠን ለአርሴኒክም ለእርሳስም በሊትር 0.01 ሚሊ ግራም፣ ለክሮሚየም 0.05 ነው።

ደረጃ 9፦ በውሃ ላይ ሞክሩት

በእርሳስ አትጀምሩ፤ መርዝ ነው፣ የሙከራው ቆሻሻም ማስወገጃ ያስቸግራል። በመዳብ ጀምሩ። 0.393 ግራም ሰማያዊ የመዳብ ሰልፌት ክሪስታል በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ ሲሟሟ በሊትር 100 ሚሊ ግራም መዳብ ይሰጣል። ፒኤቹን ወደ 4.5 አምጡ። ከዚህ 100 ሚሊ ሊትር ላይ 0.1 ግራም ዜኦላይት ጨምራችሁ 2 ሰዓት አንቀጥቅጡ፣ አጥሩ፣ የቀረውን መዳብ ለኩ፣ የመጨረሻውንም ፒኤች ለኩ።

ስሌቱ፦ ከመነሻው ላይ የቀረውን ቀንሱ፣ በውሃው ሊትር አባዙ፣ ለዜኦላይቱ ግራም አካፍሉ። ከ100 ወደ 46 ከወረደ (100 − 46) × 0.1 ÷ 0.1 = 54 ሚሊ ግራም በግራም።

አሁን ውጤቱን ፈትኑት። 1 ሚሊ ኢኩቫለንት መዳብ 31.75 ሚሊ ግራም ነው። የዜኦላይታችሁ አቅም 2 ከሆነ በልውውጥ ሊይዝ የሚችለው 63.5 ድረስ ነው። በትንሽ ዜኦላይት ወይም በብዙ መዳብ ሞክራችሁ 150 ካገኛችሁ ደስ አይበላችሁ፤ የተረፈው ተይዞ ሳይሆን ዘቅጦ ነው። ዜኦላይቱ የውሃውን ፒኤች ስለሚያነሳ መዳቡ ከ5.5 በላይ መዝቀጥ ይጀምራል። ለዚህ መቆጣጠሪያው ቀላል ነው፦ ዜኦላይት የሌለበት ተመሳሳይ የመዳብ ውሃ ውሰዱ፣ በኮስቲክ ጠብታ ያንኑ የመጨረሻ ፒኤች አድርሱት፣ አጥሩ፣ ለኩ። እዚህም መዳቡ ከጠፋ ሥራው የፒኤቹ ነበር። ሁለተኛ መቆጣጠሪያ ጥሬው አመድ ነው፤ ያንኑ ግራም፣ ያንኑ ሰዓት። የክፍሉንም ሙቀት ጻፉ፦ መጽሐፉ 25 ዲግሪ ቢልም የእኛ ላቦራቶሪ በግንቦት ከዚያ በላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ እውነተኛው ውሃ የሚኬደው፣ ጠጣርነቱም የሚመጣው እዚህ ነው። ጠጣርነቱ በሊትር 500 ሚሊ ግራም (በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ) የሆነ ውሃ 10 ሚሊ ኢኩቫለንት ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዟል። በዚያው ውሃ ውስጥ በሊትር 10 ሚሊ ግራም እርሳስ ቢኖር 0.1 ሚሊ ኢኩቫለንት ገደማ ብቻ ነው። አንዱን እርሳስ መቶ ካልሲየም ይጋፋዋል። ዜኦላይት እርሳስን አስበልጦ ቢይዝም በተጣራ ውሃ ያያችሁት ቁጥር መውረዱ አይቀርም። በቧንቧ ወይም በፍሳሽ ውሃ የተሠራ ሙከራ የሌለው ጽሑፍ ለድሬዳዋ ምንም አልነገራትም።

ደረጃ 10፦ ቆሻሻውን

የእጥበቱ ውሃ ፒኤቹ እስከ 13 ነው። ቀስ በቀስ በአሲድ ወደ 6 እስከ 9 አምጥታችሁ ለብቻ ባለው የላቦራቶሪ ማጠራቀሚያ አስገቡ። ደቻቱ ወንዝ አሸዋ ላይ መድፋት አይታሰብም፤ ያ አሸዋ ውሃ ወደ ከርሰ ምድር የሚያሳልፍ ነው፣ እኛም የምንጠጣው ከከርሰ ምድር ነው።

አሞኒየም ወይም ካልሲየም የያዘ ዜኦላይት በጨው ውሃ ይታደሳል፦ 58.5 ግራም ጨው በ1 ሊትር የተጣራ ውሃ፣ ጥቂት ሰዓት ማንቀጥቀጥ፣ ማጠብ። ሶዲየሙ ተመልሶ ይገባል። እርሳስ ወይም ካድሚየም የያዘውን ግን ምልክት በተለጠፈበት ዕቃ ዘግታችሁ የተቋሙ አደገኛ ቆሻሻ ማስቀመጫ ውስጥ አኑሩ።

አመዱ እምቢ ካለ

ከ24 ሰዓት በኋላ ኤክስ ሬዩ አሁንም ጥሬ አመድ የሚያሳይ ከሆነ በመጀመሪያ በምድጃ አቅልጡት። 10 ግራም አመድ ከ12 ግራም ኮስቲክ ጋር ፈጭታችሁ በኒኬል ክሩሲብል (ከጠፋ በማይዝግ ብረት) በ550 ዲግሪ 1 ሰዓት። ይህ ኳርትዙንና ሙላይቱን (አመዱ ውስጥ ያሉ ለኮስቲክ ውሃ የማይበገሩ ክሪስታሎች) ጭምር ይሰብራል። ክሩሲብሉን ከሲሶ በላይ አትሙሉ፣ ይነፋልና። የሸክላ ክሩሲብል ኮስቲክ ይበላዋል። ሲቀዘቅዝ ፈጭታችሁ በ100 ሚሊ ሊትር የተጣራ ውሃ ሌሊቱን አማስሉ፣ ከዚያ በ90 ዲግሪ 8 ሰዓት። አሁን የሚጠበቀው ብዙ ጊዜ ኤክስ የሚባለው ቀዳዳው ሰፋ ያለ ዜኦላይት ነው፤ ዋናው ጫፉ 6.1 ዲግሪ ላይ ይወጣል።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስህተቶች

- አመድን "ከፋብሪካ" ብሎ ብቻ መጻፍ። የትኛው ነዳጅ፣ የትኛው ማጣሪያ፣ በየትኛው ወር የሚለው ካልተጻፈ ሌላ ሰው ሊደግመው አይችልም፤ ፋብሪካው ከሰል የሚያመጣበትን ቦታ ሲቀይር አመዱም ይቀየራል።
- ዱቄቱን ቱቦ ውስጥ ጠቅጥቆ ውሃ ለማሳለፍ መሞከር። ይደፈናል። ዱቄት በርሜል ውስጥ ተማስሎ የሚዘቅጥ ነው፤ ለቱቦ ማጣሪያ በሸክላ ታስሮ መጠፍጠፍ አለበት።
- ጊዜ ለመቆጠብ ኮስቲኩን 5 ወይም 6 ሞላር ማድረግ። ሶዳላይት ታገኛላችሁ።
- ውጤትን በመቶኛ ብቻ መግለጽ። "98 በመቶ አስወገደ" የሚለው ስንት ግራም ዜኦላይት እንደገባ ካልተነገረ ትርጉም የለውም፤ ብዙ ዜኦላይት ጨምሮ ማንም 98 ይደርሳል። በግራም ስንት ሚሊ ግራም እንደያዘ አብራችሁ ጻፉ።
- አንዴ ብቻ መሥራት። ቢያንስ ሦስት ጊዜ ለየብቻ አብስሉ፤ አንድ ጠርሙስ አብስሎ ሦስት ጊዜ መለካት ሦስት ሙከራ አይባልም።